የሰመጠው ቅቤ፦ ስልክ ይዤ ወደ ካምባ የሄድኩበት መንገድ

መነሻ

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት ከአርባ ምንጭ ወደ ካምባ የሄድኩት ለሠርግ ነው። ሙሽራዋ የታናሽ ወንድሜ የታደሰ ልጅ ምሕረት ናት። ይዤ የሄድኩት ግን ከስጦታ ይልቅ አደራ ነበር፤ የታላቅ ወንድማችን የጋሼ ሻንቆ ምርቃት።

በእኛ በጋሞ የቤቱን በኩር ባይራ እንለዋለን። በቤተሰባችን ባይራ ሳይመርቃት ሙሽራ ከአባቷ ቤት ወጥታ አታውቅም። ባይራችን ጋሼ ሻንቆ ነው። ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ግን አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ካለው ቤቱ ደጃፍ አልፎ አልሄደም፤ በካምባ መንገድ በመኪና ማንገላታት የሚታሰብ አልነበረም። ታደሰ ደግሞ "ባይራ ካልመረቃት አላስወጣትም" ብሎ ልኮብናል። በስልክ ደውሎ እንዳይመርቃት የታደሰ መንደር ከካምባ ከተማ ወጣ ብሎ ከኮረብታ ጀርባ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኔትወርክ አይደርሰውም ነበር።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐዋሳ የምትሠራው ልጄ ሰላም በጣት የሚነካ ስልክ ገዝታልኝ ነበር። ጋሼ ሻንቆ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ፣ በጋሞኛ ሲመርቅ በቪዲዮ ቀዳሁት። ስድስት ደቂቃ ያህል ሆነ። መጀመሪያው ላይ አያያዙን ስላልለመድኩት ምስሉ ወዲያና ወዲህ ይላል።

"ጋሼ፣ እንደገና ብንቀዳው?" አልኩት።

"ምርቃት አይደገምም" አለ። "የወጣው ወጥቷል። እሱኑ ይዘሽ ሂጂ።"

ጋሼ ሻንቆን አውቀዋለሁ፤ አልተከራከርኩም። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ግልባጭ ሳላስቀር ያወጣሁት ደብዳቤ አልነበረም። ለዚህ ግን ግልባጭ ማስቀረት እንደሚቻል እንኳ አላውቅም ነበር። ምርቃቱ ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው።

ሰላም ማታውን ደውላ "እማዬ፣ ደጋው ዝናብ ነው። ስልኩን አጥፊውና በፌስታል ጠቅልይው፤ አየሩን አስወጥተሽ አፉን ቋጥሪው" አለችኝ። ባትሪ ለመቆጠብም ማጥፋቱ ይጠቅማል ብዬ እንደነገረችኝ አደረግሁ።

አርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ

ከመናኸሪያ በቅጥቅጥ ተሳፈርኩ። ሂሳቡ ሰባ ብር ነበር፤ ለዘንቢሌ አላስከፈሉኝም። በዘንቢሉ ውስጥ የላንቴ ሙዝ፣ ጥቂት ማንጎ፣ አንድ ቅያሪ ቀሚስና በፌስታል የተጠቀለለው ስልኬ አሉ። ስልኩን በየጊዜው በእጄ እዳብሰው ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የጫሞ ዓሣ ወደ ገረሴ ገበያ የሚወስድ ነጋዴ ነው። ዓሣው ጣሪያ ላይ ቢጫንም ሽታው ከሰውየው ጋር ገብቷል። ድሮ ራሱ በጀልባ ያጠምድ እንደነበር ነገረኝ። ከተማውን ወጥተን ጫሞ በግራችን ሲታይ፣ ዘንቢሌን ስዳብስ አይቶ ጠየቀኝ።

"ማዘር፣ እንቁላል ነው እንዴ?"

"ስልክ ነው።"

እንዲያየው ፌስታሉን አወጣሁለት። ወዲያና ወዲህ አገላበጠው።

"ይሄ ለሽንኩርት ነው" አለ። "በዚህ ካምባ ሊደርሱ? እኔ በፌስታል ብቻ ይዤ ስንት ስልክ ነው ጫሞ ውስጥ የጨረስኩት።"

"ታዲያ ዓሣ አጥማጆች በምን ትይዛላችሁ?"

መጀመሪያ የነገረኝ ከጤና ጣቢያ በነጻ የሚታደል ነገር ነው። እዚህ አልጽፈውም። ፊቴን ሲያይ ሳቀና ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ከኪሱ ከባጃጅ ካላማዳሪያ፣ ከጎማው ውስጠኛ ላስቲክ፣ የተቆረጠ አንድ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ አወጣ። የራሱ ስልክ እዚያ ውስጥ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና የእኔን ከነፌስታሉ ካላማዳሪያው ውስጥ አስገባ። ሁለቱን ጫፎች ሦስት ሦስት ጊዜ አጥፎ በቀጭን የጎማ ቁራጭ አሰራቸው።

"ዛሬ እኔ ጀልባ ላይ አይደለሁም" አለ። "ሲመለሱ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ዓሣ ተራ ያመጡልኛል። እቤት ቢሆን ግን መጀመሪያ ወረቀት ከተው ባልዲ ውስጥ ይነክሩት ነበር። ወረቀቱ ደርቆ ከወጣ ያኔ ስልክዎን ያምኑታል።"

"አሁን ሳልሞክረው ልመነው?"

"አሁንማ እኔን ይመኑኝ።"

ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ አመንኩት።

ቆላው እርሻ ላይ ፀሐይ ነበር። ሙዙም ማንጎውም ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ከኮንሶው መንገድ ተገንጥለን ሽቅብ ስንጀምር አየሩ ተለወጠ፤ እንሰትና ገብስ መጣ፣ ቀጥሎ ጉም። ረዳቱ መስኮት እንድንዘጋ ሲናገር አንዲት ሴት "ሰውየው ከነዓሣው አብሮን አለ፤ እንዴት እንዝጋ?" አለች። መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ዓሣ ነጋዴውም ጭምር።

4 ሰዓት ተኩል፣ ገረሴ

ገረሴ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ሾፌሩ አንድ ሰዓት እንቆማለን አለ። ዓሣ ነጋዴው ሳጥኑን አስወርዶ ተሰናበተኝ። እኔ አንድ እንጀራ በሽሮ በልቼ፣ ለሠርጉ ቤት ቅቤ ልገዛ ወደ ገበያው ገባሁ። ዝናቡ ያኔ ጀመረ።

የቅቤ ሻጮቹ ቦታ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ከእኔ ትንሽ ከምታንስ ሴት አንድ ኪሎ ገዛሁ። ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ጫፎቹን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ከእንሰቱ በወጣ ቃጫ በመስቀል አሰረችው። እጇ እንዴት እንደሚፈጥን አይቼ ስለ ስልኬ አማከርኳት። የገረሴ ሴቶች አማርኛ ሲናገሩ እኔንም "አንተ" ይሉኛል፤ ለምጄዋለሁ።

"ምንድነው ይሄ? ጎማ?" አለች ካላማዳሪያውን ይዛ።

"ውስጡ ስልክ አለ። የወንድሜ ምርቃት ያለበት ነው። ውሃ እንዳይገባው ፈርቼ ነው።"

"ጎማ ይቀደዳል። ድንጋይ ሲመታው ስልኩን ማን ያድናል? ቅጠል ግን ወፍራም ነው። አትፍራ፣ እማማ፣ እኔ አስርልሃለሁ።"

ሁለት ቅጠል ደርባ ልክ እንደ ቅቤው ጠቀለለችው። በዚያው ቃጫ፣ በዚያው በመስቀል አሰረችው። ገንዘብ ብሰጣት እምቢ አለች፤ ሁለት ሙዝ ተቀበለችኝ። ስሄድ ጠርታ "ዝናብ ላይ አትፈታ። ቤት ገብተህ ፍታ" አለችኝ።

እንግዲህ ሁለቱን ጥቅልሎች ጎን ለጎን ዘንቢሌ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ፋይል ላይ ስም ስጽፍ የኖርኩ ሴት አንዱ ላይ ምልክት ላድርግ አላልኩም። ቅጠሉ እንዴት እንዳማረ ነበር የማየው።

ከሰዓት፣ የካምባ መንገድ

ከገረሴ በኋላ ያለው መንገድ መንገድ አልነበረም። መኪናው ሁለት ጊዜ ማጥ ውስጥ ገባ። ወንዶቹ ገፉ፣ ሴቶቹ ድንጋይ አቀበልን። ሦስተኛው ላይ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ "ካምባ ሩቅ አይደለም፤ እግር ያለው ይሂድ" አለ። ረዳቱ "እግር የሌለውስ?" ሲለው "ከእኔ ጋር ይደር" ብሎ መለሰ።

ከሁለት ሴቶች ጋር በእግሬ ጉዞ ጀመርኩ። ሁለቱም የካምባ ነጋዴዎች ናቸው። አንዷ ጨው፣ ሌላዋ ሳሙና ተሸክማለች። ጨው የያዘችው ሸክሟን በላስቲክ ላይ ላስቲክ ደርባ ስለነበር ዝናቡ አላሳሰባትም። ሳሙና የያዘችው ግን በየደቂቃው ቆማ ታያለች።

"አረፋ ሳይወጣ ካምባ ከደረስኩ ተመስገን ነው" ትላለች።

አንድ ቁልቁለት ላይ እግሬ ከዳኝና ቁጭ ብዬ ተንሸራተትኩ። ዘንቢሉ ከእጄ አምልጦ ከእኔ ቀድሞ ታች ደረሰ። ሙዞቹ ጭቃ ሆኑ። ሴቶቹ መጀመሪያ "እማማ፣ ተጎዱ?" አሉ፤ አለመጎዳቴን ሲያዩ ሳቁብኝ። ሁለቱ ጥቅልሎች በጭቃ ቢለወሱም ቃጫቸው አልላላም። ልፈታና ልይ አልኩና የቅቤ ሻጯ ቃል ትዝ አለኝ። አልፈታሁም። አብረውኝ ያሉት ሴቶች ጅረቱ ጋ ስንደርስ ግራና ቀኝ ይዘው አሻገሩኝ።

11 ሰዓት ገደማ፣ ታደሰ ቤት

የታደሰ ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር። ለሠርጉ የሚበስለው ሁሉ እሳት ላይ ስለሆነ ቤቱ ይፋጃል። የታደሰ ሚስት አልማዝ በር ላይ ተቀበለችኝ። ዘንቢሉን ከእጄ፣ ጫማውን ከእግሬ ወሰደች።

"እትዬ፣ በዚህ ዝናብ? ይግቡ፣ ይግቡ። ውሃ ሞቆልዎታል።"

ታደሰ ከጓሮ መጣ። ሰላምታ ሳይጨርስ ጠየቀኝ።

"ይዘሽዋል?"

"ዘንቢሌ ውስጥ ነው።"

"ደህና። ነገ ሳሩ ሲመጣ እንከፍተዋለን። የሙሽራው ሽማግሌዎች ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ።"

ታደሰ ጴንጤ ነው፤ ጋሼ ሻንቆ ኦርቶዶክስ። በብዙ ነገር ይከራከራሉ። ባይራነት ላይ ግን ተከራክረው አያውቁም።

ገላዬን ታጥቤ፣ የአልማዝን ቀሚስ ለብሼ፣ ትኩስ ገንፎ በላሁና እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ያዘኝ።

ቅዳሜ ጠዋት

ፀሐይ ወጥታለች። ዘንቢሌ ታጥቦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ውስጡ ባዶ ነው። አልማዝን ጓሮ አገኘኋት።

"አልማዝ፣ ዕቃዬን የት አደረግሽው?"

"ሙዙን አጥቤ ለልጆቹ ሰጠሁ። ማንጎው መደርደሪያ ላይ ነው። ቅቤዎቹን ደግሞ ቤቱ ሞቃት ስለሆነ እንዳይቀልጡ ውሃ ውስጥ አሳደርኳቸው።"

ቅቤ በቅጠል እንደታሰረ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማሳደር የሁላችንም ልማድ ነው፤ እኔም ቤቴ እንዲሁ አደርጋለሁ።

"ቅቤዎቹን?" አልኩ። "ስንት ናቸው?"

"ሁለቱንም ነዋ።" መሬት መሬት አየች። "እትዬ፣ ላልነግርዎት ነበር። አንደኛው ሰመጠ።"

"ሰመጠ?"

"አንዱ እንደ ቅቤ ተንሳፈፈ። ሌላው ማሰሮው ሥር ቁጭ አለ። ቅቤ ደግሞ አይሰምጥም። ድንጋይ ቅጠል አልብሰው ሸጠውልዎታል። እንግዳ ናቸው፣ አያፍሩ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለታደሰ ብቻ ነው የነገርኩት።"

ታደሰ ይህንኑ ሰምቶ ኖሮ ከበሩ ሆኖ "የገረሴ ሰው!" አለ። "በሙዝ ማደባለቁ አልበቃ ብሎ ድንጋይ! ሰኞ ወርጄ ሴትዮዋን አገኛታለሁ።"

"ታደሰ" አልኩ፤ "የሰመጠው ጋሼ ሻንቆ ነው።"

ሁለቱም አልገባቸውም። መቀመጫ ስቤ ተቀመጥኩና ከመነሻው ነገርኳቸው። አልማዝ ሳልጨርስ ሮጣ አፈ ሰፊውን ማሰሮ አመጣች። ቅቤው ላይ ይንሳፈፋል። እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ሌላውን አወጣች። ሌሊቱን በሙሉ ውሃ ውስጥ አድሯል።

ታደሰ ቢላዋ አነሳ። ከለከልኩትና በእጄ ፈታሁ። ውጪው ቅጠል ርሷል፤ ሁለተኛው ቅጠል በውስጥ ጎኑ እርጥብ ነው። ካላማዳሪያውን ጠርጌ ጫፉን ስዘረጋ ከእጥፋቱ ማንኪያ የማይሞላ ውሃ ወጣ። ፌስታሉ በውስጡ ላብ ይዞ ነበር። ስልኩ ከላዩ ደረቅ ነው፤ ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ አካባቢ ግን ጠብታ አለ።

ቁልፉን ልጫን ስል "አክስቴ፣ እንዳትከፍቺው" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምሕረት ናት፤ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ መጣች። አርባ ምንጭ ስትማር የጓደኛዋ ስልክ ውሃ ገብቶበት ደህና ሳለ ወዲያው በመክፈቷ እንደተቃጠለ ነገረችን።

ክዳኑን አነሳች፣ ባትሪውን አወጣች፣ ሲም ካርዱንም። ሁሉንም በንጹሕ ጨርቅ አበሰች። አልማዝ እሳቱ ዳር እናሙቀው አለች። ምሕረት "እማ፣ ገንፎ አይደለም" አለቻት። ታደሰ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል ሰምቻለሁ አለ። እቤት ሩዝ አልነበረም። ገብስ እንክተተው ቢልም ምሕረት አቧራውን ፈርታ እምቢ አለች። ነፋስ በሚያልፍበት በር ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋ በሰሌን ላይ አቆመችው።

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አለ ታደሰ።

"ቢያድር ጥሩ ነበር።"

"ቢያድር ሙሽራውም አብሮ ሊያድር ነው።"

ማንም አልሳቀም። ምሕረት ፀጉሯን ልትጨርስ ገባች። እኔ ሰሌኑ አጠገብ ተቀምጬ ዶሮዎቹን ከስልኩ ሳባርር አረፈድኩ። ግልባጭ ስላላስቀረሁ ራሴን ስወቅስ ነበር። እንደገና እንዲመርቅ ልጠይቀው ብሄድ ጋሼ ሻንቆ የሚለውን አውቀዋለሁ።

ከቀኑ 6 ሰዓት

የሙሽራው ሽማግሌዎች በሰዓታቸው መጡ። ታደሰ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩ እስኪደርቅ ጥቂት እንዲጠብቁ ጠየቃቸው። አግዳሚ ወንበር ተሰጣቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንደኛው፣ ዱላውን አገጩ ሥር አድርጎ፣ "አቶ ታደሰ፣ የምንጠብቀው ሙሽራዋን ነው ስልኳን?" አለ።

"ሁለቱንም" አለ ታደሰ።

"ሁለቱንም ከሆነ ሁለት በቅሎ እናምጣ?"

"ባይራው እስኪናገር ነው። ካልተናገረ ልጄ አትወጣም። አልደብቃችሁም።"

ሽማግሌው መሳቁን ተወ። ባይራ ምን እንደሆነ እነሱም ያውቃሉ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ምሕረት በሠርግ ልብሷ ወጥታ ባትሪውን ራሷ መለሰችው። ስልኩን ሰጠችኝ። "አንቺ ክፈቺው፣ አክስቴ" አለች። ተጫንኩት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠና መስተዋቱ በራ።

ምሕረት ሳር ይዛ ተንበረከከች። ስልኩን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩላት። የጋሼ ሻንቆ ምስል ወዲያና ወዲህ አለና ረጋ። ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ ውሃው የድምፁን ቀዳዳ አልለቀቀውም።

"ጉንፋን ይዞታል እንዴ?" አለች አልማዝ በሹክሹክታ።

"እሱ ሁልጊዜ ጉንፋን አለበት" አለ ታደሰ። "ድምፁ ነው። ዝም በይ።"

ጋሼ ሻንቆ ቤትሽ ይስፋ፣ ማሳሽ አይንጠፍ፣ ከወለድሻቸው ጋር አርጂ አለ። በየመሃሉ የቤቱ ሰው አሜን ይላል፤ ከውጪ ሽማግሌዎቹም ይመልሳሉ። በመጨረሻ እኔን ማለቱ ነበር፣ "በቃ፣ ዝጊው ዘነቡ" አለ።

"አሜን!" አለ ቤቱ በሙሉ።

ሳቁ ከውስጥ ተነስቶ ወደ ውጪ ሄደ። አልማዝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አነሳች። እኔ ስልኩን ይዤ ስለነበር እጄን ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። ከዚያ ታደሰ ከበሩ ላይ ዘወር አለ፤ ምሕረትም ወጣች። ስትወጣ በዚያው ስልክ ቀዳኋት።

መመለስ

ሰኞ ተመለስኩ። አልማዝ ለቤቴ ቅቤ ሰጠችኝ፤ በቅጠል አስራ፣ በቃጫው ላይ ቀይ ክር ጨምራለች። "ቀይ ክር ያለው ቅቤው ነው፣ እትዬ" አለችኝ። ገረሴ ሰኞም ገበያ ስለሆነ ያችን ቅቤ ሻጭ ፈልጌ ስልኩን ከፍቼ አሳየኋት። ታሪኩን ስነግራት ከጎኗ ያሉትን ሴቶች ሁሉ ጠርታ እንደገና አስነገረችኝ። ካላማዳሪያውን ሲቀላ ዓሣ ተራ ለባለቤቱ መለስኩና ለራሴ ከባጃጅ ጎማ ጠጋኝ ቁራጭ ገዛሁ። ባልዲ ውስጥ ወረቀት ከትቼ ሞከርኩት፤ ደርቆ ወጣ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ፌስታሉ ብቻውን፣ ጎማው ብቻውን፣ ቅጠሉም ብቻውን አያድኑትም ነበር፤ ሦስቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ቢንቅም ስልኩን ያዳኑት አንድ ላይ ነው። የራሰ ስልክ ቶሎ አይከፈትም። ቪዲዮ ሌላ ቦታ ግልባጭ ይቀመጥለታል፤ ይህን ሰላም በሚቀጥለው እሑድ መጥታ አሳየችኝ። ጥቅልል ላይም ምልክት ይደረጋል።

ማክሰኞ ሴቻ ሄድኩ። ጋሼ ሻንቆ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

"ወጣች?" አለ።

ስልኩን ከፍቼ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ድምፁ በዚያን ጊዜ ጠርቶ ነበር። ምሕረት ሳሩን እንደያዘች ከአባቷ በር ስትወጣ፣ ዘወር ብላ ቤቱን ስታይ፣ ሽማግሌዎቹ ሲነሱላት አየ። ሲያልቅ ምስሉ በቆመበት ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ዘነቡ፣ እንደገና አድርጊው" አለኝ።

"አይደገምም ብለህ አልነበር?"

"እሱ የእኔ ምርቃት ነው" አለ። "ይሄ ይደገማል።"

ሦስት ጊዜ ደገምኩለት።